የዘማሪ ጓደኛችን ነገር

በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ክፍል የምናድር አምስት ተማሪዎች ነን። ሁለታችን የጨንቻ፣ አንዳችን የሲቀላ ልጆች ስንሆን የቀረነው ከሩቅ አገር መጥተናል። በሃይማኖትም አንድ አይደለንም፤ ሁለታችን ነጠላችንን አጣፍተን ቅዳሴ እንሄዳለን፤ ሁለታችን ወደ ቃለ ሕይወት ጸሎት ቤት እንሄዳለን፤ አንዳችን ደግሞ ከየትኛውም ወገን መቈጠር አይወድም። ይህን የምናወሳው በከንቱ አይደለም። ባለፈው መንፈቅ በክፍላችን የተነሣው ክርክር የሁላችንንም እንቅልፍ ስለ ነሣ፣ ነገሩም የብዙ ተማሪ ነገር መስሎ ስለ ታየን፣ ለአንባብያን ብናካፍለው አይከፋም ብለን ነው።

ከጨንቻዎቹ ልጆች አንዱ መዝሙር ይደርሳል፣ ይዘምራልም። የውሃ ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አንድ ምሽት መብራት ከጠፋ በኋላ፣ «ትምህርቴን አቋርጬ አዲስ አበባ መሄዴ ነው፤ መዝሙሮቼን አስቀርጬ በቪዲዮ አወጣለሁ» አለን። አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ እሱን ለማስተማር ስንት ጋቢ እንደ ሸመኑ እናውቃለን። እኛ ግን በመምከር ፈንታ ሳቅንበት። «አንተ የቸኰልከው ለመዝሙሩ ሳይሆን ለፎቶግራፉ ነው» ያለውም ከእኛው አንዱ ነው። ልጁ ሦስት ቀን አላናገረንም።

በአራተኛው ቀን ራሱ መጣና፣ «የሳቃችሁት ዘማሪነት ሥራ መስሎ ስላልታያችሁ ነው። ተስፋዬ ጋቢሶንስ ምን ልትሉት ነው?» ሲል ጠየቀን። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቀረና ቁም ነገሩ ተጀመረ።

እንደሚታወቀው ወንጌላውያን በአማርኛ ይዘምሩት የነበረው መዝሙር ለብዙ ዘመን አብዛኛው ከውጭ ቋንቋ የተተረጐመ ነበር። በገዛ ቃልና በገዛ ዜማ መድረስ እየጐላ የመጣው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው እንደ እኛው ያሉ ተማሪዎች ናቸው። በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ እነ አዲሱ ወርቁ፣ ለዚህ ምስክር ናቸው። ተስፋዬ ጋቢሶም በሲዳማ ምድር ተወልዶ ይህንኑ መንገድ የተከተለ ደራሲና ዘማሪ ነው።

የእርሱ ዘመን ግን የደርግ ዘመን ሆነ። በደቡብ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ምእመናንም በየቤቱ በሹክሹክታ ይጸልዩ ጀመር። ተስፋዬ እምነቱን አልክድም በማለቱ ሰባት ዓመት ታሰረ። ሰውየው ይታሰር እንጂ ካሴቱ አልታሰረም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ አገር ለአገር ዞረ። የጓደኛችን እናት በልጅነታቸው የሰሙት ካሴት ብዙ ጊዜ ከመገልበጡ የተነሣ ድምፁ የደከመ፣ በላዩም ምንም ስም ያልተጻፈበት እንደ ነበር ይናገራሉ። መዝሙሩን በቃላቸው ከያዙ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የማን እንደ ሆነ ያወቁት። ዛሬ ሊላ ባሊስኪ የተባሉ ምሁር ከ100 የሚበልጡ መዝሙሮቹን መርምረው መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ይህም በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

«እንግዲያውስ» አልነው፣ «ዘማሪው ሰባት ዓመት ተቈልፎበት መዝሙሩ ከተሰማ፣ መዝሙርን የሚያቆመው የዘማሪው ፊት አይደለም ማለት ነው። አንተ ግን ከፊትህ ልትጀምር ነው።»

እርሱም፣ «ለእናንተ መናገሩ ይቀላል። ተስፋዬስ ቢሆን ካሴት ባያወጣ ኖሮ ምን ይገለበጥ ነበር? እኔን ከአራታችሁ በቀር ማን ሰማኝ?» ብሎ መለሰ። እውነቱን ስለ ነበረ መልስ አጣን።

በመጨረሻ የተናገረው ያ ከየትኛውም ወገን መቈጠር የማይወደው ጓደኛችን ነው። «የገዛ አገርህን ረሳኸው» አለው። «በዶርዜ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ከላይ፣ ሌላው ከታች የየራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል እንጂ ሰው ብቻውን ሲያዜም ሌላው ቆሞ አያይም። ይህ አዜማመም ስላስደነቀው በርናር ሎርታ-ዣኮብ የሚባል ፈረንሣዊ የሙዚቃ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጥቶ ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል። ፈረንሣዊው ከባሕር ማዶ የመጣበትን አንተ ደጃፍህ ላይ ትተኸው ትሄዳለህ።»

«ያ ዘፈን ነው፤ እኛ ዘፈን ትተናል» አለ ጓደኛችን። ይህን ሲል ድምፁ ተለወጠ፤ አያቱ በዚህ ምክንያት ከዘመድ ሠርግ እየራቁ መኖራቸውን ነግሮን ነበርና ነገሩ ለእርሱ ቀላል አልነበረም።

«ቃሉን ትታችሁ ይሆናል። አቀባበሉን ግን ማን ከለከላችሁ?» ብሎ ሌላው መለሰለት። ያን ሌሊት ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።

የመንፈቁ ዕረፍት ሲደርስ ጓደኛችን አዲስ አበባ መሄዱን ትቶ ወደ ጨንቻ ወጣ። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከታች ሐይቁ ዳር በላብ ተጠምቆ የተነሣ ሰው እዚያ ሲደርስ በጉም ውስጥ ጋቢ ይፈልጋል። እዚያም በጋሞኛ የደረሰውን አንድ መዝሙር ለእናቱ ጸሎት ቤት ሴቶች አስተማረ። እንደ አዲስ አበባ ዘማሪዎች ፊት ቆሞ አልዘመረም፤ አንዱን ክፍል ለአሮጊቶቹ፣ አንዱን ለልጃገረዶቹ ሰጥቶ እርሱ ከመካከል ገባ።

ከሁለት ወር በኋላ እርሱን ተከትለን ሁለታችን ወደ ጨንቻ ወጣን። በመንገድ ላይ የእንሰት ቅጠል የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ያንኑ መዝሙር እየተቀባበሉ ወደ ገበያ ሲወርዱ አገኘናቸው። ጓደኛችን ቀድሞ መንገዱን ለቀቀላቸው። እኛም የጨንቻውን ልጅ እንዲጠይቅልን አድርገን፣ «መዝሙሩ የማን ነው?» አልናቸው። አንዷ እናት ጭነታቸውን ሳያወርዱ፣ «የኛው ነዋ!» ብለው አለፉ።

ደራሲው አጠገባችን ቆሞ ነበር። ስሙ ባለመጠራቱ መጀመሪያ ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ አይተናል፤ አንደብቅም። ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን፣ «ሦስተኛውን ስንኝ ለውጠውታል» አለን። «አበላሹት እንዴ?» አልነው። «የለም፤ የእነርሱ ይሻላል» አለና ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

የመሰናበቻ ማመልከቻው እስከ ዛሬ በሻንጣው ውስጥ አለ። አልሰጠውም፤ አልቀደደውምም። እኛም ቅደደው አላልነውም፤ የሚሄድ ከሆነ የሚሄደው መዝሙሩ ያለ እርሱ መቆም መቻሉን አይቶ ነውና። አባቱ ግን ነገሩን ገና አልሰሙም፤ ይህ ሁላችንንም ያስጨንቀናል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ቢኖር፣ እንደ እኛ ከመሳቁ በፊት አንዱን መዝሙር ቁጭ ብሎ ይስማለት።