የሃያ ሰከንድ ጨለማ

ዕድሜዬ አርባን ከዘለለ በኋላ ነው ጨለማ ፍለጋ የወጣሁት። ሰው በዚህ ዕድሜው የቤት ብድር ይከፍላል፣ የዕድር ዳኛ ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ቦርጭ ያወጣል። እኔ ግን ሰርግ ከሚያነሳ ወዳጄ አንድ ያገለገለ ካሜራ በርካሽ ገዝቼ፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ሰማይ ላይ አነጣጥሮ መቆምን ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ጋቢ ጨመረችልኝ።

የነገሩ መነሻ መሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው። የአንዱ ወር ሥዕል የሌሊት በረሃ ነበር፤ ከአሸዋው በላይ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ፣ የዕጣን ጭስ የመሰለ የከዋክብት ጎዳና ይታያል። መጻሕፍቱ ፍኖተ ሐሊብ የሚሉት ነው። ባልደረቦቼ «ይሄ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው» ብለው ተከራከሩ። እኔ ዝም አልኩ፤ ያንን ሰማይ አውቀዋለሁና። በልጅነታችን ለፋሲካ እየተላክን የምንሰነብትበት የአክስቴ ደጅ ሰማይ ነው። ከደብረ ብርሃን አልፎ፣ በሰላ ድንጋይ በኩል ታጥፎ፣ ከመኪና ተወርዶ በእግር የሚገባበት የደጋ መንደር ነው። ሌሊት ለሽንት ስወጣ ቀና ብዬ አየው ነበር፤ ግን ልጅ ነኝና ከሰማዩ ይልቅ የማስበው ጅቡን ነበር።

ሙከራዬን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ነው። ከ30 ሰከንድ በኋላ በካሜራው መስኮት የታየኝ ሰማይ ሳይሆን ሽሮ ነው! ከላይ እስከ ታች ብርቱካንማ። የመንገዱ መብራት፣ የሕንፃው ማስታወቂያ፣ የመኪናው ፋና ሁሉ ወደ ላይ እየተበተነ አቧራውንና ጭሱን ያበራዋል። የሰው ዓይን ይህን ለምዶ ያልፈዋል፤ ካሜራ ግን ያገኘውን ሁሉ ያጠራቅማል። እንጦጦ ራስ ላይ ባለው የከዋክብት መመልከቻ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የተዘረጋው ይኸው ብርሃነ ብዙ ከተማ ነው። የኔ አሮጌ ሌንስ እንግዲህ ምን ልትሆን?

በሦስተኛው ሌሊት ዘበኛው ጣሪያው ላይ መጣ። የእጅ ባትሪውን ዓይኔ ላይ አብርቶ፣ «ምንድነው የምትሰልለው?» አለኝ። ኮከብ እንደማነሳ ነገርኩት። ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ዞሮ ዞሮ አየውና ሄደ። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ጠብቆኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የራሱንና የእናቱን ስም ሰጠኝ። ኮከቡን እንዳይለት ነው። አውደ ነገሥት ከፍቼ ስም የምደምር ሰው እንዳልሆንኩ ባስረዳው አላመነኝም። «አልነግርህም በለኝ እንጂ» ብሎ ተቀየመ። እስከ ዛሬ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነው በወጉ መማር የጀመርኩት። ዕቃው ብዙ አይደለም። ሁሉን በእጅ ለማዘዝ የሚመች ካሜራ፣ የማይነቃነቅ ማቆሚያና ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሌንስ ይበቃል። የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ቻለው ድረስ ይከፈታል፤ የኔው ከኤፍ 3.5 አያልፍም። አይ.ኤስ.ኦ. የሚሉት፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚወስነው ቁጥር ወደ 3200 ይወጣል። ቁልፉን ሲጫኑት ካሜራው ስለሚንቀጠቀጥ በ2 ሰከንድ ታይመር ራሱ እንዲያነሳ ይተዋል። ፍላሽ ይጠፋል። (አንድ ወዳጄ «ፍላሽ ለምን አትጠቀምም?» ብሎ ጠይቆኛል። ብርሃኑ ፍኖተ ሐሊብ መሐል ለመድረስ 26 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ለመመለስም ያንኑ ያህል። እንጠብቅ ካለ እኔ የለሁበትም።)

ምድር መዞሯን ትምህርት ቤት ነግረውን ነበር፤ ካሜራ ግን ያሳያል። ሹተሩ ብዙ ከቆየ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ የሚይዘው ስሌት አለ፤ 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል። የኔ ሌንስ 18 ሚሊሜትር ነው፤ የካሜራዬ ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ በ1.5 ሲባዛ 27 ይሆናል፤ 500 ለ27 ሲካፈል 18 ሰከንድ ተኩል። ካሜራው 18 የሚባል ቁጥር አያውቅምና 20 ላይ አደረግሁት። አሜሪካኖቹ በ1842 ዓ.ም.፣ ካሣ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል፣ ሃርቫርድ በሚገኘው መመልከቻ ቬጋ የተባለችውን ኮከብ በፎቶግራፍ ሲያስቀሩ ከፀሐይ ሌላ ኮከብ ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር፤ ለዚያች ለአንዲት ነጥብ ትልቅ ቴሌስኮፕ አስፈልጓቸዋል። ይህን ሳስብ በሰርግ ካሜራዬ ማማረሬን እተዋለሁ።

ከመጻሕፍቱ ጋር የተጣላሁት በወቅት ነው። የተጻፉት ለሰሜን አገሮች በመሆኑ ፍኖተ ሐሊብን ለማንሳት ሰኔንና ሐምሌን ያወድሳሉ። እኛ ዘንድ በሰኔና በሐምሌ ሰማዩ የት ተገኝቶ! የኛ ሰው ከመኝታው መነሳት አለበት። ከየካቲት እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ የጎዳናው ደማቅ መሐል በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ክረምቱ ካለፈ ወዲያ በጥቅምት ደግሞ ገና ሲመሽ በደቡብ ምዕራብ ጥቂት ታይቶ ይጠልቃል። የሰሜን ኮከብም እንደዚሁ ነች። እነሱ ዘንድ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ እኛ ዘንድ ከአድማሱ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነች፤ ክንድህን ዘርግተህ ጭብጥህን ብታነሳ ያቺ የጭብጥህ ቁመት ነች። ፊት ለፊትህ ተራራ ካለ በቃ የለችም። በምትኩ እነሱ ከአገራቸው ሆነው የማያዩትን የደቡብ መስቀል እኛ እናያለን።

እንዲህ ቆጣጥሬ፣ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መርጬ፣ መጋቢት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. አርብ ማታ አክስቴ ቤት ደረስኩ። ሁዳዴ ነበር። እቴቴ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራት) በኩራዝ ብርሃን ሽሮ አቀረበችልኝ። ሌሊት እንደምወጣ ስነግራት ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች። «ጤና ነህ ልጄ?»

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የእጅ ባትሪዬን ቀይ ፌስታል አልብሼዋለሁ፤ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙ አይረብሽም። ቀና አልኩ። አንባቢ ሆይ፣ የቀን መቁጠሪያው አልዋሸም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ 20 ፎቶግራፎች ግን የሚያሳፍሩ ነበሩ። ከዋክብቱ ተድቦልቡለው የእንጀራ ዓይን መስለዋል። ርካሽ ሌንስ የሩቁ ርቀት የት ላይ እንደሆነ የሚያመለክት ምልክት የለውም፤ በጨለማ ደግሞ ካሜራው ራሱን ማስተካከል አይችልም። መፍትሔው ደማቁን ኮከብ በመስኮቱ ላይ 10 እጥፍ አጉልቶ፣ የሌንሱን ቀለበት በቀስታ እያዞሩ ኮከቡ እጅግ ትንሽ ነጥብ ሲሆን ማቆም ነው፤ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ማሰር። እኔ ያስተካከልኩበት ደማቅ ኮከብ፣ ኋላ ስረዳ፣ ጁፒተር ነበር። ይህን ስጨርስ ሌንሱን ጤዛ አለበሰው። ጤዛውን በጋቢዬ ጫፍ ስጠርግ የካሜራው ባትሪ በብርዱ ተልፈሰፈሰ። ሁለተኛውን ባትሪ ብብቴ ውስጥ አሙቄ ይዤው ነበርና እሱ አዳነኝ። 11 ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት ደህና ፎቶግራፍ ያዝኩ፤ ከድንጋዩ ቤት በላይ ያ ጭስ ተነሥቶ ቆሟል።

በዚያው ጊዜ በሩ ተንሿጠጠ፤ እቴቴ ወጣች። ወደ ምሥራቅ ብቻ አየችና «ወጣች» አለች። አጥቢያ ኮከብ ነች፤ ቬነስ። «ይቺን ሰዓት አድርጌ ነው ያረጀሁት» አለችኝ። «እሷ ስትወጣ ተነሥቼ እፈጫለሁ። የምትጠፋበትም ጊዜ አላት፤ ያኔ በዶሮ ነው።»

«ታድለሽ! በየሌሊቱ ይህን እያየሽ...»

«ምኑን?»

«ሰማዩን ነዋ።»

«ለሷ ነው ቀና የምለው እንጂ ሌላውን መች አየሁት። ወፍጮ ላይ የጎነበሰ ሰው የሚያየው ቁልቁል ነው።»

ፎቶግራፉን አሳየኋት። ደህና ነው አለች። ጨለማ እንዴት እንደሚያምር፣ ከተማ እንዴት እንዳጣነው አንድ ነገር ስዘባርቅ ዝም ብላ ሰማችኝና የልጇን ነገር አነሳች። ያክስቴ ልጅ ቀኝ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ እስከ አንጓው የተኮማተረ ጠባሳ አለበት። ኩራዝ ተደፍቶበት ነው፤ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሊያጠና ብሎ። እስኪነጋ በውሃ እየነከሩ ያዙት፤ በጨለማ ቁልቁለቱን ማን ይውረድ? «ያንተ ካሜራ በምንድነው የሚሠራው?» አለችኝ ቀጥላ። በባትሪ አልኳት። «ባትሪውስ?» በመብራት። ሌላ አልተናገረችም፤ ማድጋዋን አንሥታ ሄደች።

ምሰሶው የገባው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እልል እያለች ደወለችልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት፤ እውነቴንም ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያቺን አንዲት ፎቶግራፍ አውጥቼ ማየቴን ለማን ልናገር? ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ነገር ሲመጣላት፣ እኔ የከተማው ሰው፣ ማብሪያ ማጥፊያ ግራና ቀኝ የተተከለልኝ ሰው፣ ጨለማዬ ሊወሰድብኝ ነው ብዬ ቅር አለኝ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ተመልሼ የሄድኩት በ2015 ዓ.ም. የካቲት 12፣ የቅበላ እሑድ ነው። ሲመሽ በምዕራብ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ተቀራርበው ይታያሉ፤ ቬነስና ጁፒተር ነበሩ፤ ከ10 ቀን በኋላ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። እቴቴ ደጅ ቆማ «አጥቢያዋ ወደ ማታ ዞራለች» አለችኝ፣ የምታውቀው ሰው ቤት እንደቀየረ ያህል። ከበሩ በላይ አምፖል ተንጠልጥሏል። ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። በሱ ብርሃን በረት ታያለች፣ በሱ ብርሃን የልጅ ልጇ ያጠናል፣ ጅቡም በጓሮ በኩል መሄጃውን ቀይሯል አለችኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ካሜራዬን ከቤቱ ራቅ አድርጌ ተከልኩ። ሰማዩ አለ፤ ግን አምፖሉ ቤቱንና ግቢውን ነጭ አድርጎ ያቃጥልብኛል። ወደ ሜዳው ወጥቼ ባነሳ እችል ነበር። የምፈልገው ግን ያንን ቤት፣ ከነሰማዩ ነው። እቴቴ ነቅታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ብዙ ካመነታሁ በኋላ አጥፊልኝ አልኳት።

«ለምን?»

«ኮከቡ እንዲታይ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለ20 ሰከንድ።»

«እሱ ስንት ነው?»

አሰብኩና፣ «አቡነ ዘበሰማያት አንዴ ደግመሽ እስክትጨርሺ» አልኳት። «እሷማ ምን አላት» ብላ ተነሣች። ውስጥ ገብታ ማጥፊያው ላይ እጇን አደረገች። ቀጭ። ያ የድሮው ጨለማ እንዳለ ግቢው ላይ ወረደ። ከብቶቹ ሲተነፍሱ ይሰማል፤ እቴቴ በለሆሳስ ስትደግም ይሰማል። ካሜራውን ተጫንኩ፤ ታይመሩ 2 ሰከንድ ቆጠረ፤ ሹተሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የልጅየው ክንድ ነው።

«አሜን» አለችና አበራችው። ሹተሩ ገና አልተዘጋም ነበር! ቀድማኝ ጀምራለችና ቀድማኝ ጨረሰች። ተበላሸ ብዬ ልጮህ ስል መስኮቱን አየሁት። አምፖሉ ያለበት ማዕዘን ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። ራቅ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ግን፣ የቆርቆሮው በር ጠርዝ፣ ማድጋው፣ ደጃፉ ላይ የተወችው ነጠላ ሳይቀር ቅልብጭ ብሎ ወጥቷል፤ ከበላዩ ፍኖተ ሐሊብ እንደቆመ ነው። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ ከዚያ የሚሻል የለኝም።

ወስጄ አሳየኋት። ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ አምፖሉ ጠጋ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። በመጨረሻ፣ «በሩ እንዲህ ዝጓል እንዴ?» አለች። «ስትመጣ ቀለም ይዘህ ና።»

ለፋሲካ አልደረሰልኝም። በክረምቱ እሄዳለሁ አልኩ፤ በዚያው ክረምት አገሩ ተኩስ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ቀለሙን ግን ገዝቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው። ጣሳው ከካሜራው ጎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እዚያ መብራት ሲጠፋ እቴቴ ትደውልልኛለች። «ጠፍቷል፤ ሰማዩም ጥርት ብሏል፤ አሁን ነበር ማንሳት» ትለኛለች። ቀጥላ ስለ ቀለሙ ትጠይቀኛለች።