ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን እወቁ

የማስተምራቸው ወጣቶች ልደታ ያለው ቤቴ ሲመጡ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው አኳሪየሙ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ኦስካር ይባላል። ወዲያው "ቲቸር፣ እኔም ልግዛ?" ይሉኛል። ውድ አንባቢያን፣ ለእነርሱ የምመልሰውን ለእናንተም ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ ስሙን እወቁ።

ስም ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ዓሣው ነገ ምን እንደሚሆን ስለሚነግራችሁ ነው። ኦስካር የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ሲሆን ከእኛው ቆሮሶ ጋር ቤተሰቡ አንድ ነው። ሱቅ ውስጥ የጣት ርዝመት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጭራው ሥር ባለው ብርቱካናማ ቀለበት የከበበው ጥቁር ክብ ይለያል። ተመራማሪዎች ይህ ሐሰተኛ ዓይን ክንፉን የሚነክሱ ፒራኛዎችን እንደሚያሳስት ያስባሉ። አዳኙም የሚፈራው አለው ማለት ነው።

መልክ ብቻ አይበቃም። ፓኩ የተባለው ዓሣ በልጅነቱ ደረቱ ስለሚቀላ ከቀይ ሆዱ ፒራኛ ጋር ይምታታል። ልዩነቱ ጥርሳቸው ላይ ነው፦ የፒራኛ ጥርስ ሦስት ማዕዘንና ስለታም ነው፤ የፓኩ ግን እንደ ሰው መንጋጋ ጠፍጣፋ ሆኖ ፍሬና ዘር ይሰብራል። ሰላማዊ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ! ርዝመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል የትኛውም ሳሎን አይበቃውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ለአንድ ኦስካር 300 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህ መስታወቱ ሳይቆጠር 300 ኪሎ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወለሉን አስቡ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በክፍት በርሜል ቢያንስ አንድ ቀን አቆዩት። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚበርድ ውኃውን 25 ዲግሪ ገደማ የሚያደርግ ማሞቂያ ያሻል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡት ፊልተሩ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ለመብዛት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ፊልተሩ ከዓሣው ቀድሞ ሥራ ይጀምር። መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን ስለሚቀንስ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አዘጋጁ፤ በዚያን ሰዓት ምግብ አትስጡት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ልከለክላችሁ አይደለም። የእኔ ኦስካር የጎረቤቴ ነበር። ከአገር ሊወጣ ሲል "ቢሾፍቱ ወስጄ ሐይቅ ውስጥ ልልቀቀው?" ብሎ ጠየቀኝ። ለዓሣው አዝኖ ነበር። እኔ ግን የፓናማውን የጋቱን ሐይቅ አስታወስኩት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒኮክ ባስ የተባለ የደቡብ አሜሪካ አዳኝ ዓሣ ከግል ኩሬ አምልጦ እዚያ ገባ። ቶማስ ዛሬትና ሮበርት ፔይን በ1973 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሐይቁ በብዛት ይገኙ ከነበሩት ዓሦች አብዛኞቹ ተመናምነው ወይም ጨርሰው ጠፍተው ነበር። ትንንሾቹን ዓሦች ይመገቡ የነበሩ ወፎችም ቀነሱ። እኛም በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙ የባርባስ ዓሦች አሉን፤ ሐይቆቻችን የማንም ትርፍ ዓሣ መጣያ አይደሉም። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ዓሣውን ከነመስታወቱ ለእኔ ሰጠኝ።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስሙ ማን ነው? ምን ያህል ያድጋል? ማሳደግ ቢያቅተኝ መልሰህ ትወስደዋለህ? መልስ ካላገኛችሁ ባዶ እጃችሁን ተመለሱ። የምትገዙት ጌጥ ሳይሆን የ10 ዓመት አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ከመቀበል በፊት ይመዘናል።