ማክሰኞ በወገዳ

ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 2014። ከደብረ ታቦር ጧት በሚኒባስ ተነሣን። ጉና ጭጋግ ለብሶ አናቱ አልታይ አለን። ነፋስ መውጫ ሽሮ በልተን መኪና ለወጥን፤ እስከ ወገዳ 130 ብር፣ መንገዱ ጠጠርና ጭቃ። ነፋስ መውጫን በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ገብቶባት ነበርና ወሬው ሁሉ የዚያን ሰሞን ነው። ወገዳ ስንደርስ ካፊያ እየጣለ መሽቷል።

ማክሰኞ። ለቁርስ የገባሁበት ቡና ቤት ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለካ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ጥያቄ የሚመልሱበት ቀን ኖሯል። አባላቱ በአፈ ጉባኤው ፈቃድ በየተራ እየተነሡ ያነባሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሰላም፣ ሁሉም ሲያበቃ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባንድ ላይ ይመልሳሉ። አጠገቤ ያለ መምህር ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ አስምሯል፤ በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ። «አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች ባለሥልጣናትንም ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል» አለኝ እየጻፈ። መልሱ ረጅም ነው፤ የቱ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ እኔን ብዙ ጊዜ ጠፋኝ። ጠያቂው መልሱን ሰምቶ እዚያው መልሶ ቢነሣ፣ ይህ ሁሉ ቆሞ የሚሰማ ሰው ይበልጥ ይጠቀም ነበር እላለሁ።

ከሕወሓት ጋር ለሚደረግ ድርድር በደመቀ መኮንን የሚመራ ኮሚቴ መቋቋሙ ሲነገር፣ ቡና የምትወቅጠው ሴት ዘነዘናውን እንደያዘች ቀረች። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋቢ የደረቡ አዛውንት ወደ መምህሩ ዞረው፣

«ልጄ፣ የኛው ተመራጭ ተነሣ ወይ?»

«እኔ እስካሁን አላየሁም፣ አባቴ።»

አዛውንቱ አንድ ተረት ጣል አደረጉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ግን አልገባኝም፣ ለመጠየቅም አፈርሁ።

ረቡዕ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። መምህሩ መኪና መሳፈሪያው ድረስ መጣ፣ ደብተሩንም ይዟል። በቀኝ በኩል አንዳንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ «አምልጦኝም ይሆናል» ይላል። ለ2015 የቀረበው 786.6 ቢሊዮን ብር በጀት ገና አልጸደቀም፣ እሱንም ሊከታተል አስቧል። ባዶ የቀሩትን ጥያቄዎች ግን በአንድ ወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ፣ አዲስ አበባ ስገባ ከምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይለት።