ዓሣ ልናይ ወጥተን

አዋቂ ሰው ልጅ ሳያስከትል ዓሣ ለማየት ሲወጣ ጎረቤት ግራ ይጋባል። «ልጆቹስ?» ይባላል። ለልጅ ከሆነ ትምህርት ነው፤ ለትልቅ ሰው ግን ሥራ መፍታት ይመስላል። ለንደኖች እ.ኤ.አ. በ1853 በእንስሳት ማሳያቸው ውስጥ ለሕዝብ የዓሣ ቤት ከከፈቱ ወዲህ ግን በብዙ የዓለም ከተሞች ጢሙ የሸበተ ሰው ሳይቀር ከፍሎ ገብቶ በመስተዋት ፊት ሲቆም ይውላል። ማንም ለምን አይለውም።

እኛ ሁለት መምህራን ነን። ልደታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር ስምንት ዓመት ሆነን። አንዳችን ባዮሎጂ፣ አንዳችን ታሪክ፤ አንዳችን ሙስሊም፣ አንዳችን ክርስቲያን። ባለፈው የጥር ዕረፍት አንድ ቅዳሜን ለዓሣ ብቻ ልንሰጥ ተነጋገርን። በጠመኔ የተሣለ ዓሣ ጠግበናል፤ ስንጥቡ የሚከፈትና የሚዘጋ ዓሣ አማረን። ከመስተዋት ይልቅም ሐይቅ መረጥን፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባቱ ከተማ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ዳር የተኛውን ደንበልን።

ሱብሒ እንደተሰገደ ከልደታ ጣቢያ በባቡር ቃሊቲ፣ ከዚያም በሚኒባስ በሞጆና በመቂ በኩል ሄድን። ስለ መንገዱ ብዙ የምንለው የለም፤ ታሪክ መምህሩ እስከ መቂ ተኝቶ ነበር።

ደንበል ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልም። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። በዳርቻው ተቀምጠን ብናፈጥም አንድም የሚዋኝ ዓሣ አላየንም። ያየነው አባ ኮዳን ነው፤ ያ ራሰ በራ ረጅም አሞራ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚዞር ይመስላል። ሰዓታችንን አላየንም፤ የሚጠብቀን ደወል አልነበረም። አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህም ራሱ ሪዝቅ ነው።

ኋላ ጀልባዎች መጡ። በአንዲቱ ጀልባ ወለል ላይ አምባዛ ከውሃ ከወጣ ቆይቶም ይንቀሳቀሳል። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው እርጥበት ካገኘ በየብስም ለሰዓታት ይቆያል። ይህን ስንነጋገር የጀልባው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከመረቡ አንዲት ቆሮሶ ፈልቅቀው አወጡ። አፏን ስትከፍት ከአፏ ውስጥ ምስር የሚያህሉ ጫጩቶች ጀልባው ውስጥ ፈሰሱ።

ዝም አልን። ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ እዚያው ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ከጀመሩም በኋላ አንድ ነገር ያስደነገጣቸው እንደሆነ ወደ እናታቸው አፍ ይሮጣሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ያህል፣ እናቲቱ ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ናት፤ ተማሪም አይጠይቅባት።

«እናት ናት» አሉ ሽማግሌው፤ «ድሮ እንዲህ ያለችው ስትያዝ እንመልሳት ነበር። አሁን ዓሣው አነሰ፤ መረቡም ዓይኑ ጠበበ።» ውሃውም እንደ ዓሣው ነው። ለመስኖና ለአበባ እርሻ ይሳባል፤ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አቢያታ የሚሄደው ቀንሶ አቢያታ ከዳርቻው እየሸሸ ነው።

ታሪክ መምህሩ ኪሱን ዳበሰ። «አባባ፣ ዋጋዋ ስንት ነው?»

ሽማግሌው ነገሩን፤ ከፈልን። ጫጩቶቹን በጣሳ ቀድተን ከእናታቸው ጋር ሸምበቆው ሥር ለቀቅናቸው። ሽማግሌው «ገዝቶ የሚጥል ሰው ዛሬ አየሁ!» ብለው ሳቁብን። መልሳ በአፏ ሰብስባቸው እንደሆነ በድፍርሱ ውሃ አልታየንም። መትረፏንም አላህ ያውቃል።

ዙህር ሲደርስ አንዳችን መስጂድ ስንገባ ሌላችን ቦርሳውን ይዞ በር ላይ ጠበቀ። ከዚያ ምሳ ፈለግን። አገራችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በስምንት ዓመት ሽሮና ሻይ አብረን ስንቋደስ ሥጋን ግን አንድም ቀን ከአንድ ሳህን አልበላንም። የእርሱ ለእኛ፣ የእኛም ለእርሱ አይሆንም፤ የሚያስቀይም ነገር የለውም፣ እንዲሁ የታወቀ ነው። ዓሣ ግን ቢላዋ ይዞ ስም የሚጠራበትን አይጠይቅም። መጥበሻውን ብቻ ጠየቅን፤ ሥጋ እንደማይነካው አስተናጋጇ ነገረችን።

የተተለተለ ሙሉ ቆሮሶ ከዳጣና ከእንጀራ ጋር መጣ። አዎን፣ ቆሮሶ። ስለ እናቲቱ ከእኛ ማንም አልተናገረም፤ እርቦን ነበር። ታሪክ መምህሩ አጥንቱን እየለቀመ አንዱን ወፍራም ቁራጭ በዳጣ ነክሮ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ፤ ሁለተኛውንም አስከተለ።