የግቢ መብራት ለማን ነው?

የሰው ልጅ ቀኑ የማይበቃው ፍጡር ስለ ሆነ፥ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለውን ጊዜ ገንዘቡ ለማድረግ ከችቦ ወደ ኩራዝ፥ ከኩራዝ ወደ ፋኖስ፥ ከፋኖስ ወደ ማሾ፥ ከማሾም ወደ ኤሌክትሪክ አምፖል ተሻግሯል። ቤቱን በማብራት ብቻም አልረካም፤ ዛሬ ደጁን፥ አጥሩንና አትክልቱን ጭምር ያበራል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በግቢ ውስጥ መብራት ከመተከሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም መብራቱ ለማን ነው? የሚል ነው። እኛ ይህን ሳንጠይቅ በመትከላችን የደረሰብንን፥ ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን እንደ ሆነ በማለት ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

የምንኖረው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በሸኮ ነው። አገሩ የቡናና የዝናብ አገር ነው። ግቢያችንም እንደ አገሩ ልማድ አትክልትና እርሻ የተቀላቀለበት ነው፤ በጓሮው እንሰትና ጎደሬ፥ በግራና በቀኝ ሙዝ፥ በዋንዛው ጥላ ሥር ቡናና ኮረሪማ፥ ከደጃፉ አጠገብም እናታችን የሚንከባከቡት ጤና አዳምና ጽጌረዳ አለ። ቅጠሉ ሰፊ፥ ጥላውም ብዙ ስለ ሆነ ሌሊቱ ይጠቁራል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ደግሞ የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚበላለጡት ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ያህል ሌሊት አለን ማለት ነው።

ጨለማንስ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን የሌሊቱን የቃል ትምህርት የተማርነው ያለ መብራት ነበር፤ የኔታ ከመደባቸው ሆነው ሲነግሩን እኛ በጨለማ ተቀምጠን እንቀበል ነበር። ጧፍ ለመቅደስ እንጂ ለተማሪ አይተርፍም። በኋላም ዘመናዊውን ትምህርት በኩራዝ ጢስ አፍንጫችን እየጠቆረ አጠናን። ቤት ሠርተን ቆጣሪ ባስገባን ጊዜ በብርሃን የተስገበገብነው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር፥ በመንደራችን ቀይ ቡና ከማድረቂያው አልጋ ላይ በሌሊት ተሰረቀ የሚል ወሬ ተሰማ። እኛም ወደ ሚዛን ወርደን ባለ 100 ዋት ፓውዛ ገዛንና ከበረንዳው አናት ላይ ወደ በሩ አዙረን አሰቀልነው። ምክንያታችን ሌባ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ «ይህ የመምህሩ ቤት ነው» እንዲል መፈለጋችንም አልቀረም። የኤሌክትሪክ መብራት በአገራችን በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲጀመር የክብር ምልክት ነበርና፥ ያ አሳብ እስከ ዛሬ ከሰው ልብ የወጣ አይመስልም።

ዝናቡ በጀመረ ጊዜ አሸን በመብራቱ ዙሪያ ፈላ። አሸኑን ሊበላ ጉርጥ መጣ፤ ጉርጡንም ተከትሎ አንድ ምሽት እባብ ከደረጃው ሥር ተገኘ። አበው ይህችን በብርሃን ዙሪያ የምትዞር ነፍሳት የእሳት እራት ብለው የሰየሟት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፥ በሌሊት የሚበርሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ብርሃን ወዳለበት የማዞር ጠባይ አላቸው፤ ይህም በተፈጥሮ ሰማዩን ከምድር የሚለዩበት ነው። አምፖል ባገኙ ጊዜ ግን ላይና ታቹ ይጠፋባቸውና መዞር ብቻ ይሆናል ሥራቸው። እሳቱን ወድደው ሳይሆን መንገድ ስተው ነው።

ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ገበሬም አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠርተው፥ «መምህር፥ ብርሃንዎ በግድግዳው ቀዳዳ እየገባ እንቅልፍ ነሣን፤ ዶሮዬ እንኳ ሰዓቱን ስቶ በውድቅት ይጮኻል» አሉን። እኛም «ለእርስዎም እኮ ጥበቃ ነው» ብለን ስቀን አለፍነው።

እናታችን ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ነው። ለኪዳን የሚነሡት በዶሮ ጩኸት ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት የጎረቤት ዶሮ ጮኸና ንጋት የቀረበ መስሏቸው ተነሡ፤ ሰዓቱ ግን ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ወደ ጓዳ ሽንት ቤት ሄደው ሲመለሱ ፊት ለፊታቸው ፓውዛው ነበረ። ከደረጃው በፊት ያለውን የጎርፍ ቦይ ሳያዩት ገቡበት፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ወደ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው በመኪናው ውስጥ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፦ «ልጄ፥ መብራቱ ዓይኔን አጭበረበረው። በኩራዝ ዘመን አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም።»

በማግስቱ ሌሊት እናታችን የሄዱበትን መንገድ ራሳችን ሄድንበት። ፓውዛው ዓይናችንን ሲመታን ቦዩ ጥቁር ጨርቅ የተዘረጋበት መሰለ። ነገሩ ከዚያ በኋላ ገባን። ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ያን ጊዜ በጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ከቀድሞው ይልቅ ይጨልማል። ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይንም ጨለማውን በሙሉ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ለሽማግሌ ደግሞ ይብሳል፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያስገባው ሲሶውን ያህል ነው፤ ከዕድሜም ጋር ስለሚደፈርስ የመጣበትን ብርሃን ይበታትነዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን በእግሩ ላይ እንጂ በፊቱ ላይ አይደለም። የእኛ መብራት ከመንገድ ለሚያልፈው ሰው ዓይን ተሰቅሎ ነበርና ለእናታችን እግር አልሆነም።

ፓውዛውን አወረድነው። በሌሊት እግር የሚያርፍበትን ስፍራ ብንቈጥር አምስት ሆነ፤ በሩ፥ ቦዩ፥ ደረጃው፥ የማድቤቱ መታጠፊያና የሽንት ቤቱ መንገድ። በእያንዳንዱ ባለ 3 ዋት አምፖል በጉልበት ከፍታ አቆምን። ከላይ ባዶ ጣሳ ቆርጠን ስለ ደፋንበት ብርሃኑ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ አምፖሉ ራሱ ለዓይን አይታይም። ቀለሙንም መረጥን። ለነጩ አምፖል መሠረት የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን አመንጪ የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ነፍሳትን ይበልጥ ይስባል። በካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን የሚል ነጭ ነው፤ 2,700 የሚል ግን እንደ ጧፍ ብርሃን ቢጫ ነው። እኛም ይህን ሁለተኛውን ወሰድን፤ አሸኑም ቀነሰ።

ሒሳቡን ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ሠርተንላቸዋል። ባለ 100 ዋቱ ፓውዛ በሌሊት 12 ሰዓት ቢበራ በ30 ሌሊት 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ አምስቱ ትንንሾች ግን በአንድነት 5.4 ብቻ ነው። ከአምስቱ ሁለቱን፥ የቦዩንና የደረጃውን፥ መብራት ሲጠፋም እንዳይጨልሙ በሶላር አደረግናቸው፤ ሰሌዳውን ከዛፍ ጥላ አርቀን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አኖርነው። ለቀሩት የሚሄደውን ባለ 220 ቮልት ሽቦ ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ አንድ ክንድ ያህል ቀበረው፤ ዝናብ በበዛበትና ዶማ በማያርፍበት ጓሮ የተንጠለጠለ ወይም በሣር ላይ የተጣለ ሽቦ ሰው ይገድላልና። ለቡናው ደግሞ ሰው ሲቀርብ ብቻ የሚበራውን ዓይነት ወደ አልጋው አዘንብለን በመልቀሚያው ወራት ብቻ እንሰቅላለን።

ስድስተኛው መብራት ግን ለእግር አይደለም። እናታችን አራት ወር ሙሉ በአልጋ ላይ ሲቆዩ ከመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፥ «ጽጌረዳዬ ደረቀች ወይስ አለች?» ብለው ማታ ማታ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አምፖል ከጽጌረዳው ሥር አኖርንና ማብሪያ ማጥፊያውን ከራስጌያቸው አደረግንላቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን በእጃቸው ያጠፏታል። ለውበት የሚበራ መብራት ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የሚያየው ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ይገባል።

ጎረቤታችንንም ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ማር ይዘው የታመሙትን ሊጠይቁ መጡ፤ ስለ ዶሮውም አንሥተው ቀለዱ። እኛ ግን አልሳቅንም።

እናታችን ዛሬ በምርኩዝና በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ኪዳን ይደርሳሉ። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፥ መብራት ልትገዙ ባሰባችሁ ጊዜ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ያለውን ሁሉ አጥፉና ከበራችሁ እስከ ጓሯችሁ በዝግታ ሂዱ፤ ከቤታችሁ በዕድሜ የገፉትንም ክንዳቸውን ይዛችሁ አብራችኋቸው ሂዱ። እግራቸው ያመነታበትን ስፍራ ምልክት አድርጉበት። መብራቱ የሚተከለው እዚያ ነው።