ክፉውን ቀን አስቀድሞ የሚያስብ ካርታ

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሙሻ ደሴት የሚሻገር መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው ውሃው ላይ ነው። የእኔን ዓይን የማረከው ግን ካርታው ነበር። አብረውኝ የተሳፈሩት ጋሼ በኢትዮጵያ መርከቦች ላይ ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው። የተጠቀለለውን ትልቅ ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠርዙን ነፋስ እንዳይወስደው በክንዳቸው ተጫኑት። የብሱ ቢጫ፣ ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚለው ዳርቻ አረንጓዴ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሰማያዊ ነው፤ የቀረው ሁሉ ነጭ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነጩስ ምንድን ነው?»

«ነጩማ ሰላም ነው ልጄ። ጥልቅ ውሃ ነው። አንተ የምትፈራው ሰማያዊውን ነው።»

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በዚህ ካርታ ፍቅር ወደቅሁ።

ካርታው ላይ ቁጥር እንደ አሸዋ ፈሷል። እያንዳንዱ ቁጥር በተጻፈበት ቦታ ያለውን የውሃ ጥልቀት በሜትር ይናገራል። ትልቅ 5 ተጽፎ ከግርጌው ትንሽ 2 ካለች 5.2 ሜትር ማለት ነው። በሙሻ ዙሪያ ባለው ኮራል ላይ ደግሞ ከሥራቸው የተሰመረባቸው ቁጥሮች አየሁ። እነዚህ ጥልቀትን አይናገሩም፤ ውሃው ሲሸሽ ኮራሉ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚጋለጥ ነው የሚናገሩት። አንዲት መስመር ከቁጥር ሥር መኖሯና አለመኖሯ በመንሳፈፍና ድንጋይ ላይ በመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ግን ባሕር በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል። ታዲያ ጥልቀቱ የሚለካው ከየትኛው ውሃ ተነሥቶ ነው? ልቤን የነካው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። አብዛኞቹ የባሕር ካርታ ሠሪዎች አማካዩን ውሃ አይወስዱም። የጨረቃንና የፀሐይን ስበት ቢያንስ ለ19 ዓመት ያህል አስልተው ባሕሩ ሊደርስበት የሚችለውን ዝቅተኛ ጉድለት ያገኙና እሱን የካርታው መነሻ ወለል ያደርጉታል። ስለዚህ ካርታው 5.2 ሜትር ካለ፣ በሄድክበት ሰዓት ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ታገኛለህ ማለት ይቻላል። የድልድይ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከፍታ ሲጻፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልኬቱ የሚነሣው ከከፍተኛው ሙላት ነው፣ የመርከቡ ምሰሶ እንዳይመታ። ከታችም ከላይም የሚታሰበው ክፉው ቀን ነው። ካርታው ከእውነታው ያነሰ ተስፋ ይሰጥሃል፤ ባሕሩ ጨምሮ ይከፍልሃል።

ከቁጥሮቹ ጎን ትንንሽ ፊደላት አሉ፤ የባሕሩ ወለል አሸዋ ይሁን ጭቃ፣ ድንጋይ ይሁን ኮራል ይናገራሉ። መልሕቅ የሚጥል ሰው ይህን ሳያውቅ አይተኛም፤ ጭቃና አሸዋ መልሕቅን ይይዛሉ፣ ለስላሳ ድንጋይ ግን ይለቀዋል። ዛሬ ጥልቀት የሚለካው በድምፅ ነው፤ ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ የተመለሰበት ጊዜ ጥልቀቱን ይነግራል። ድሮ ግን ገመድ ላይ የታሰረ እርሳስ ይጣል ነበር። የእርሳሱ ግርጌ ጎድጓዳ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሞራ ይጠቀጠቃል። ወለሉን ሲነካ አሸዋው ወይም የዛጎል ስብርባሪው ሞራው ላይ ተለጥፎ ይወጣል። መርከበኛው በጣቱ አሽቶ ያየውና ይመዘግባል። ያቺ ትንሽ ፊደል መጀመሪያ የመጣችው ከዚህ ነው።

ቀይ ባሕርም የተለካው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የባሕር ካርታ ሠሪዎቹ ሮበርት ሞርስቢና ቶማስ ኤልዎን «ፓሊኑረስ» እና «ቤናረስ» በተባሉ መርከቦች ተከፋፍለው በኮራል የታጠረውን ያን ባሕር እርሳስ እየጣሉ ካርታ ሠሩለት። የእንፋሎት መርከቦች በቀይ ባሕር መመላለስ ሲጀምሩ የተመሩት በዚያ ልፋት ነበር።

ሌላው የገረመኝ የካርታው ሐቀኝነት ነው። አንድ አለት በትክክል የት እንዳለ ካልተረጋገጠ «ቦታው በግምት» የሚል ምልክት ይጻፍበታል፤ አንዴ ታይቶ ዳግም ካልተገኘ ደግሞ «መኖሩ አጠራጣሪ» ይባላል። ያልተረጋገጠ ነው ተብሎ ግን በቀላሉ አይሰረዝም። በኤሌክትሮኒክ ካርታ ላይ መረጃው ራሱ በኮከብ ይመዘናል፤ ስድስት ኮከብ ያለው ቦታ በሚገባ የተለካ ነው፣ ኮከቡ ሲያንስ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ የሚናገር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አላጋጠመኝም።

ርቀት ለመለካት ጋሼ የያዙት ሁለት እግር ያለው ኮምፓስ ብቻ ነው። ካርታው ላይ ሁለት ነጥብ ያዙበትና ወደ ካርታው ጎን፣ ወደ ኬክሮሱ ወሰዱት። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነውና። ማይሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ 1,852 ሜትር እንዲሆን የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1929 ሞናኮ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መጓዝ አንድ ኖት ይባላል።

ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ካርታው ላይ ያሉት ምልክቶች አሁን በባሕሩ ላይ ተንሳፈው መንገድ ያሳያሉ። ወደብ ስትገባ ቀዩን ምልክት በግራ፣ አረንጓዴውን በቀኝ ትተህ ታልፋለህ፤ በአሜሪካ አህጉር፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1976 ድረስ በዓለም ላይ ከ30 በላይ የተለያዩ የምልክት ሥርዓቶች ነበሩ፤ ዛሬ ወደ አንድ ሥርዓትና ወደ ሁለት ምድብ ተጠቃልለዋል። ከአደጋ በየትኛው አቅጣጫ ማለፍ እንደሚገባ የሚያሳዩት ቢጫና ጥቁር ምልክቶች ደግሞ በነጭ መብራታቸው ይለያሉ፤ የምሥራቁ ሦስት ጊዜ፣ የደቡቡ ስድስት ጊዜና አንድ ረዥም፣ የምዕራቡ ዘጠኝ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ የሰሜኑ ሳያቋርጥ ይርገበገባል። በግድግዳ ሰዓት ገጽ ላይ ቁጥሮቹ ያሉበትን ቦታ አስቡት፤ የደከመ መርከበኛ በጨለማ እንዳይሳሳት የታሰበለት ነው።

የባሕር በር የሌለን ሕዝቦች ነንና ይህ ሁሉ የሩቅ ጉዳይ ሊመስለን ይችላል። አይደለም። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። የምንቀዳው ነዳጅና የምንዘራበት ማዳበሪያ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ተመርቶ ነው የደረሰን። ባሕር ዳር ላይ የባሕር መኮንኖችን የሚያሠለጥን አካዳሚ አለን፤ ወጣቶቻችን በዓለም ባሕር ላይ ይሠራሉ። ሥራውም ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ከዓለም የባሕር ወለል በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ወደ ጅቡቲ የምትሄዱ ሁሉ ከባሕር ሰዎች አንዱን ፈልጉና ካርታ አስነብቡት። ሳያውቃችሁ የተጠነቀቀላችሁ ሰው ብዙ መሆኑን ታያላችሁ።