ከአዲስ ቅዳም እስከ ደቅ ደሴት

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በሩቅ አገር፣ በካሪቢያን ባሕር ላይ፣ ብዙ ደሴቶች አሉ። ትልልቅ መርከቦች ለሽርሽር የወጡ ሰዎችን ጭነው ከደሴት ወደ ደሴት ይጓዛሉ። ጠዋት በአንዱ ደሴት ያወርዷቸዋል። ማታ መልሰው ይጭኗቸዋል። ሰዎቹ በዚያች አንድ ቀን አገሩን አይተው ይሄዳሉ።

ደሴት ለማየት ግን ባሕር ማዶ መሻገር የግድ አይደለም። በእኛው ጣና ሐይቅ ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። ከሁሉም የሚሰፋው ደቅ ይባላል።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ስምንት ሆነን ከአዲስ ቅዳም ተነሣን። አምስት ወንዶች፣ ሦስት ሴቶች ነበርን። በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ አልፈን ባሕር ዳር ገባን። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያው አደርን። በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ገንዘብ አዋጥተን በሞተር ጀልባ ተሳፈርን።

ጣና ሰፊ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም። በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ረጅም ባሕር ዛፍ ቢቆም ጫፉ ብቅ ይላል ማለት ነው።

በመንገዳችን ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች አየን። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ሣር ነው። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ደቅ ደረስን። ጀልባ ነጂው፣ «ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ሞገዱም ይበረታል። ልክ በ7 ሰዓት እዚሁ ተገኙ» አለን። ያገኘናት አራት ሰዓት ብቻ ነበረች።

በመጀመሪያ ናርጋ ሥላሴን አየን። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከተሠራ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። ወደ ናርጋ ግን ሴቶቻችንም አብረውን ገቡ።

ከዚያ ወደ እርሻው ሄድን። የደቅ ሰው እንደ እኛው ገበሬ ነው። ዳጉሳና በቆሎ ይዘራል። ከብት ያረባል። ዓሣም ያጠምዳል። አንድ አዛውንት ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን። ጠላ አስቀዱልን።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ከአዲስ ቅዳም ነን አባባ» አልናቸው።

«ከደጋው ነዋ! እናንተን ዛሬ አየናችሁ እንጂ አፈራችሁንማ በየክረምቱ እናየዋለን» ብለው ሣቁ።

እኛም ሣቅን። ግን ነገሩ የሣቅ አልነበረም። እርሳቸውም ቀጠሉ። «ክረምት ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል። ጭቃውን አምጥቶ ሐይቁ ውስጥ ይጨምረዋል። ነጭ ዓሣ ደግሞ እንቁላሉን የሚጥለው ወደ ወንዝ ወጥቶ ነው። ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። እንቁላሉን ጭቃ ከቀበረው ምን ዓሣ ይወለዳል? እኛስ ምን እናጠምዳለን?»

አዛውንቱ እውነት ተናገሩ። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል አባይ ነው። በፋግታ ለኮማ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ ግልገል አባይ ይወርዳል። እኛ ከላይ ነን፣ እነርሱ ከታች ናቸው። ውሃው ግን አንድ ነው።

ሌላም ችግር አለ። እንቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ያምራል፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። ጀልባ ያግዳል፣ መረብ ይይዛል። ከየማሳው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ለእርሱ ምግቡ ነው።

በ7 ሰዓት ተመልሰን ተሳፈርን። ነፋሱ ሳይበረታ ባሕር ዳር ገባን። በጀልባው ላይ የተነጋገርነው ስለ እርከን ነበር።

የታጠበ አፈር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። መጀመሪያ የባለ ማሳውን እህል ያሳንሳል። ቀጥሎ የዓሣ አጥማጁን መረብ ባዶ ያደርጋል። በወረዳችን ብዙ ገበሬ ዲከረንስ ተክሏል። ዛፉ ቆሞ ሳለ አፈር ይይዛል። ለከሰል ተቆርጦ መሬቱ ሲታረስ ግን ተዳፋቱ እርከን ይፈልጋል። የተሸረሸረው ቦይም ክትር ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራ የጎረቤቱ ጎርፍ ያፈርስበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እርከንም የሚያምረው ከዳር እስከ ዳር አብረው ሲሠሩት ነው።